ሻጣስ ይጨመር?

የዓመቱ መጽሔት ሲዘጋጅ ከርእሰ መምህር ቢሮ የሚጠበቀው ጽሑፍ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ክፍያ ቀን እንደሆነ እናውቃለን። ስለ እነዚህ ጉዳዮች ዓመቱን ሙሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስንለጥፍ ስለከረምን፣ ዘንድሮ ስለ አንድ ምሳ ልንጽፍ ወደናል። ምሳው ተራ ምሳ ነበር፤ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ዳቦ። እኛን ያሳሰበን ምሳው ከመቅረቡ በፊት ያየነው ነገር ነው።

እንደምታውቁት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን በየዓመቱ አንድ ቀን ምሳ እንጋብዛለን። ልማዱ እንዲህ ነበር፤ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴው ምግቡን ይወስናል፣ ምግቡ በአንድ ትልቅ ድስት ይሠራል፣ ተማሪዎች ተሰልፈው ይወስዳሉ። በመጨረሻ ፎቶ እንነሣለን፤ ፎቶውም በዚህ መጽሔት ላይ ይወጣል። አምና ያንን ፎቶ ለመምረጥ ስንቀመጥ ከኋላው መስመር ሳህን ያልያዙ አራት ልጆች አየን። ብንጠይቅ አንዷ ጾም ላይ ነበረች። አንደኛው በቤታቸው ሥርዓት ውጭ የታረደ ሥጋ አይበላም። ሁለቱ ደግሞ ወጡ በርበሬ በዝቶበት ስላልቻሉት "ጠግበናል" ብለው ተነሥተው ነበር። አራቱም በፎቶው ላይ ፈገግ ብለዋል። በዕለቱ ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሌላ መንገድ እንሞክር ተባባልን። ከመምህሮቻችን አንዱ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቹ የላኩለትን ቪዲዮ አሳየን። በዚያ ምግብ ቤት ተመጋቢው ጎድጓዳ ሳህን ያነሣል። በተደረደሩት ትሪዎች ፊት እያለፈ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ፣ የተቀቀለ ፓስታ፣ ከፈለገው የፈለገውን ያህል ይጨምራል። ማባያውንም ራሱ ይቀላቅላል። ከዚያ ሳህኑን ለጠባሹ ይሰጣል፤ ጠባሹም በጋለ ሰፊ ክብ ብረት ላይ ገልብጦ፣ በረጃጅም እንጨቶች እያማሰለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመልስለታል። "የሞንጎሊያ ጥብስ" ይሉታል። ጾመኛው የራሱን፣ ሥጋ በሉ የራሱን፣ ቃጠሎ የማይወደው የራሱን ሠርቶ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። "እንዲህ ያለ ቤት ካርቱም ውስጥ ብናገኝ ኖሮ" አለ መምህሩ። የጥበቃ ሠራተኛችን ሰምቶ ሳቀ፤ "ኦምዱርማን ሄዳችሁ አታውቁም እንዴ?" አለን። እውነቱን ነበር።

ሱቅ ናጋ ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ያለ የግመል ገበያ ነው። ናጋ በዐረብኛ እንስት ግመል ማለት ነው። ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የተነዱ ግመሎች እዚያ ይሸጣሉ። ከገበያው አጠገብ ሥጋ ሻጮች፣ ከእነሱም ጎን በዳስ ሥር ከሰል አቀጣጥለው የተቀመጡ ሴቶች አሉ። ደንበኛው የሚወደውን ብልት በኪሎ ያስመዝናል፤ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ሎሚውን ይገዛል፤ ከዚያ ይዞ ወደ አንዷ ሴት ይሄዳል። በፍም ላይ ይሁን፣ ሰላት በሚሉት ዓይነት በጋለ ድንጋይ ላይ ይሁን፣ ወይስ በብረት ምጣድ ከሽንኩርት ጋር ይታመስ፣ የሚወስነው እሱ ነው። የማብሰያውን ዋጋ ለብቻ ይከፍላል። ሲቀርብለት ሻጣውን፣ ሎሚውን፣ ከለውዝ የሚሠራውን ደኳ እንደ ፍላጎቱ ይጨምራል። የአሜሪካውን የሚያስንቅ ነገር በሃፍላ ተሳፍረን በምንደርስበት ቦታ ነበረን።

ዕለቱን ስንመርጥ አርብ የዕረፍት ቀን ቢሆንም ለብዙዎቹ ልጆቻችን የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሜን ያዝን። ጊዜውም ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ የካርቱም ፀሐይ ገና ሳይከፋ ነበር። ሁለት ሃፍላ ተከራየን። የነጭ ዓባይን ድልድይ ስንሻገር ልጆቹ ከአገራችን የወረደው ዓባይ ከነጩ ጋር የሚገናኝበትን ለማየት ወደ አንድ ወገን መስኮት ተጋፉ፤ ሹፌሩም ተቆጣ። ሠላሳ ስድስቱን ተማሪዎች ስድስት ስድስት አድርገን በቡድን ከፈልናቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን እኩል ገንዘብ ሰጠን። ሦስት ደንብም ነገርናቸው፤ ከቡድናችሁ ማንም ሳይበላ አይቅር፤ ምግብ ተርፎ አይጣል፤ ምን እንግዛ ብላችሁ መምህር አትጠይቁ። ብትጠይቁም አንመልስም አልን። ሦስተኛው ደንብ ቀላሉ መስሎን ነበር።

አንዱ ቡድን አለቃ አድርጎ የመረጠው በክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ነው። ይህ ልጅ ተመጣጣኝ ቁጥርን በተመለከተ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን የሚናገር ነው። ከሥጋ ሻጩ ፊት ደርሶ ቆመ። ሥጋ ሻጩ "ከየትኛው? ስንት?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሥጋውን አየ፤ በእጁ የያዘውን ገንዘብ አየ፤ ከዚያ ወደ ሒሳብ መምህሩ ዞረ። "ቲቸር፣ ስንት ልግዛ?" አለ። መምህሩ በደንቡ መሠረት ዝም አለ። ልጁ እንደገና ጠየቀ። ጓደኞቹ ከኋላው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሁ ጀመር። ላቡ በግንባሩ ወረደ። በመጨረሻ ለሥጋ ሻጩ "እርስዎ እንደወደዱ" አለው። ሥጋ ሻጩም እንደወደደ ሰጠው። አጥንት የበዛበት ሥጋ ነበር፤ ገንዘቡንም ጨረሰው። ወደ ከሰሏ ሴት ሲሄዱ የማብሰያ ዋጋ አልቀራቸውም፤ ሽንኩርትም፣ ዳቦም የለም።

ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በሌላው ቡድን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። የቤት ሥራ ሳትጨርስ በመምጣቷ ዓመቱን ሙሉ ስንቆጣት የከረምናት ልጅ ናት። እናቷ ሻይ ትሸጣለች፤ እሷም ከትምህርት በኋላ ታግዛታለች። ገንዘቡ እጇ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገችው ለማብሰያና ለዳቦ የሚሆነውን ለይታ በነጠላዋ ጫፍ መቋጠር ነው። ከዚያ አምስቱን ጓደኞቿን በየተራ ጠየቀቻቸው፤ ግመል የማይበላ ማን ነው? ሥጋ ጭራሽ የማይበላስ? ቃጠሎ የማይችልስ? አንዷ ሥጋ እንደማትበላ ስትናገር "እንግዲያው ያንቺ በባዶው ምጣድ ቀድሞ ይሠራል" አለቻት። ባዝንጃን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ገዛች። ሥጋ ሻጩ ጋ ስትደርስ በአውራ ጣቷ ሥጋውን ነካ አድርጋ አየች፤ አጥንቱ ከሚዛኑ እንዲወጣ በሱዳንኛ ዐረብኛ ተከራከረች። ሥጋ ሻጩ እየሳቀ አወጣላት። የዚያ ቡድን ስድስቱም ልጆች በልተው ጠገቡ፤ ሳህኑ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

ያ ልጅና ይህች ልጅ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህር ሥር፣ በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ተምረዋል። በካርዳቸው ላይ ብዙ ደረጃ ይራራቃሉ። በዚያች ሰዓት ግን ካርዱ የሚለን ነገር አልነበረም። ይህን የምንጽፈው አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ለማሳፈር አይደለም፤ እሱን አንደኛ ያደረግነው እኛ ነን። ዓመታት ሙሉ "የተባልከውን አድርግ" ስንለው አደረገ፤ "ምን ይሻላል ትላለህ?" ብለን ጠይቀነው ግን አናውቅም። ጠይቀነው የማናውቀውን ጥያቄ ስላልመለሰ እሱን መውቀስ አይገባንም። የልጅቷን የቤት ሥራ አለመሥራትም ደግ ነው አላልንም። የቤት ሥራዋን ልትሠራ ይገባታል። ነገር ግን ሌላ ሥራ ስትማር እንደነበረች እኛ ሳናይላት ቀርተናል።

ምክንያቱን በባህላችን ውስጥ መፈለግ አያስቸግርም። "መራጭ ይወድቃል ከምራጭ" እንላለን። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እንላለን። ዶሮው በ12 ብልት ወጥቶ ሲሠራ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ሌላውም ብልት እንደየማዕረጉ ይታደላል፤ ልጅ የደረሰውን ይበላል እንጂ አይጠየቅም። በዚህ ሥርዓት ያደግን ሰዎች ነን፤ ክፉ ሥርዓትም አይደለም። ለልጁ ተራ መጠበቅን፣ ታላቅን ማክበርን፣ ያገኘውን አመስግኖ መብላትን አስተምሮታል። ይሁን እንጂ ያ ሥርዓት የተሠራው የሚመርጥለት ሰው ሁልጊዜ በአጠገቡ ላለ ልጅ ነው። አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት ወይም ሼህ፣ ዕድርተኛ በዙሪያው አለ። የእኛ ልጆች ግን በካርቱም አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ እናትና አባት ሌሊት ወጥተው ሌሊት በሚገቡበት ኑሮ የሚያድጉ ናቸው። የሚመርጥላቸው ሰው በሥራ ላይ ነው።

ከጉዞው በኋላ ከወላጆች ሦስት ዓይነት አስተያየት ደርሶናል። እያንዳንዱን በአክብሮት እንመልሳለን።

የመጀመሪያው "ልጆቹን ታሞላቅቋቸዋላችሁ፤ ይህን እበላለሁ ያንን አልበላም ማለት ለምደው ቤት ይመጣሉ" የሚል ነው። ስጋቱ ይገባናል። ነገር ግን ልጅን የሚያሞላቅቀው ምርጫው ሳይሆን ለምርጫው ዋጋ አለመክፈሉ ነው። ያለ ልክ ገንዘብ ሰጥተን "የፈለጋችሁትን ብሉ" ብንል ኖሮ አሞላቀቅን ማለት ይቻል ነበር። የተሰጣቸው ገንዘብ ልክ ነበረው፤ ማንም ሳይበላ እንዳይቀር ኃላፊነት ነበረባቸው፤ ያበላሹትም የራሳቸው ነበር። ገንዘቡን የጨረሰው ቡድን ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ለሌላ ቡድን ሰጥቶ በምትኩ የማብሰያ ዋጋና ጥቂት ሽንኩርት ተቀበለ። ይህን ያሰበው ከመካከላቸው ዝምተኛው ልጅ ነው። ሞልቃቃ ልጅ እንዲህ አያስብም።

ሁለተኛው "ይህ ትምህርት አይደለም፤ ሽርሽር ነው" የሚል ነው። በከፊል እንስማማለን። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1938 "ልምድና ትምህርት" በሚለው መጽሐፉ ልምድ ሁሉ እኩል እንደማያስተምር አስገንዝቧል። ሥጋ በልቶ መመለስ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ስለዚህ በማግስቱ እሑድ ትምህርት ሲጀመር በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን ያወጣውን ገንዘብ በመቶኛ እንዲያሰላ አደረግን። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አንድ ሌላ ጉድለት ታየን። ልጆቻችን የሥጋውን ዓይነት ሁሉ በዐረብኛ ይጠሩታል እንጂ በአማርኛ "ሥጋ" ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም። መምህርቷ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ሽንጥ፣ ጭቅና፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ፍሪምባ፣ ወርች ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ልጆቹም ቤት ሄደው የቀረውን ከወላጅ ጠይቀው እንዲመጡ አዘዘቻቸው። አንድ አባት "ልጄ ከእኔ ጋር እንዲህ ረጅም ወሬ ካወራ ዓመቱ ነው" ብለው ደውለውልናል። አገር ቤት ሥጋ ቤት ገብቶ ከየትኛው ብልት እንዲቆረጥለት፣ ለጋ ይሁን ደረቅ ጥብስ የሚናገር ሰው የሚመርጠው በእነዚህ ቃላት ነው። ስሙን የማያውቁትን ነገር መምረጥ አይቻልም።

ሦስተኛው አስተያየት ከሁሉ የከበደን ነው። "በአንድ መሶብ መብላት ባህላችን ሆኖ ሳለ ሁሉም የየራሱን የሚያበስልበት የባዕድ ልማድ ለምን ታስተምራላችሁ?" የሚል ነው። እዚህ ላይ ስለዚያ "የሞንጎሊያ ጥብስ" ያገኘነውን ታሪክ ብናካፍል ይጠቅማል። ምግቡ የሞንጎሊያ አይደለም። ዉ ዣኦናን የሚባል የቤጂንግ ሰው፣ በሙያው ሕዝብ የሚያስቅ ተዋናይ፣ በቻይና በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት አገሩን ለቆ ታይዋን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1951 በታይፔ ከተማ አነስተኛ የምግብ መሸጫ ከፈተ። ጥብሱን በትውልድ ከተማው በቤጂንግ ስም ሊጠራው አስቦ ነበር፤ ይሁንና በዚያን ጊዜ ታይዋን ውስጥ የቤጂንግን ስም ማንሣት ፖለቲካ ሆኖ ያስፈራ ስለነበር የሞንጎሊያ አለው። ምግቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አንድ የአሜሪካ የምግብ ቤት ድርጅት "የሞንጎሊያ ጥብሱን" ይዞ በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ቅርንጫፍ ከፈተ። እንግዲህ ባለቤቱ ማን ነው ቢባል፣ አገሩን የለቀቀ አንድ ሰው በደረሰበት ከተማ ካገኘው ነገር መርጦ ያዋሐደው ነው። የእኛም ልጆች በካርቱም ፉል ላይ የእናታቸውን ሚጥሚጣ ሲነሰንሱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አታድርጉ ብንል አይሰሙንም፤ ይልቁንስ ከየትኛው ምን መውሰድ እንዳለባቸው ማወቃቸው ይበጃል።

መሶቡንም አልተውነውም። ከሦስቱ ደንቦች የመጀመሪያውን፣ "ማንም ሳይበላ አይቅር" የሚለውን፣ የወሰድነው ከመሶባችን ነው። ጉርሻ ምንድን ነው? ለሌላው የተሻለውን መርጦ ማጉረስ አይደለምን? ስለዚህ ባህላችን ምርጫን አያውቅም ማለታችን አይደለም። የሚያውቀው ምርጫ አለ፤ እሱም ለራስ ከመምረጥ በፊት በአጠገብ ያለውን ማየት ነው። ያቺ የሻይ ሻጭ ልጅ ያደረገችው ይህንን ነው። የአሜሪካው ምግብ ቤት ይህን ደንብ አያስተምርም፤ እዚያ እያንዳንዱ ሳህኑን ይዞ ለብቻው ይሰለፋል። እኛ ከዚያ ምርጫውን፣ ከመሶቡ ደግሞ አብሮነቱን ወስደን ለማዋሐድ ሞከርን።

አሁን በጣም ወዳሳሰበን ነገር እንምጣ። ካርቱም መሸጋገሪያ ከተማ ናት። ከምናስተምራቸው ልጆች አንዳንዶቹ እዚሁ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ዘመድ ወዳለበት አገር ለመሄድ ይጠባበቃሉ። የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን የሚጠባበቀውን ያህል ይቸኩላል። በሠፈራችን ማንን ማናገር እንዳለበት፣ በየት በኩል ወደ ሊቢያ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ደላላው ቀርቦ የሚጠይቀው ጥያቄ በጣም የሚጣፍጥ ጥያቄ ነው፤ "አንተ ምን ትፈልጋለህ?" ይላል። ለብዙ ልጅ ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀው እሱ ነው። ልጁም መመለስ ስላልለመደ "እርስዎ እንደወደዱ" ይላል። ደላላውም እንደወደደ ይሰጠዋል። ከእኛ ወንበር ላይ ተነሥተው በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆች አሉ። ደርሰው የደወሉልን አሉ። ያልደወሉም አሉ።

በዚያ ቅዳሜ ልጁ ለሥጋ ሻጩ የመለሰውን መልስ ስንሰማ ጆሯችን ላይ ያቃጨለው ይህ ነው። ሥጋ ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ቀን የጠፋውም ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነው። ልጅ የመምረጥን ስህተት መሳሳት ካለበት በግማሽ ኪሎ ሥጋ ይሳሳት፤ ጓደኞቹ አጠገቡ ቆመው፣ መምህሮቹ እያዩት ይሳሳት። ያ ስህተት ይታረማል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አስፍሯል። "እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ" የሚለውን ልብ በሉልን። ልጅ ሁሉን ይወስን አልተባለም፤ እኛም አላልንም። ብስለት ግን በልምምድ ይመጣል እንጂ ከ8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ጋር አብሮ አይታደልም። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ 11ኛ ክፍል ሲገቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ብለን እንጠይቃቸዋለን። ያን ጊዜ ጓደኛቸውን አይተው፣ ወይም አባታቸው ያሏቸውን ሰምተው ሲሞሉ "ይህ ትውልድ ዓላማ የለውም" ብለን እንማረራለን።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የወሰንነውን እንናገር። የ8ኛ ክፍል ምሳ ከእንግዲህ በኮሚቴ አይወሰንም፤ ልክ ያለው በጀት ለተማሪዎቹ ይሰጣል፤ ዕቅዱን እነሱ ያወጣሉ፣ ሒሳቡንም እነሱ ያወራርዳሉ። የመክፈል አቅም የሌለው ልጅ እንደ ዘንድሮው ሁሉ ማንም ሳያውቅበት በወላጅ ኮሚቴው በኩል ይሸፈንለታል። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ተማሪው የሚያነበውን መጽሐፍ ራሱ ይመርጣል፤ ለምን እንደመረጠውም በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ለመምህሮቻችን ደግሞ፣ ለራሳችንም ጭምር፣ አንድ አደራ አለን። ተማሪ "ቲቸር፣ ምን ላድርግ?" ሲለን ቶሎ አንመልስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪን የሚያሳትፍ ትምህርት ካለን ይኸው ስንት ዓመታችን ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ጥያቄውም መልሱም ከእኛ አፍ እንዲወጣ እንፈልጋለን።

ከወላጆች የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ቀን የአንዱን ምሳ ወይም እራት ዕቅድ ለልጃችሁ ስጡ። ገንዘቡን ቆጥራችሁ ስጡት፤ ገበያ ይውረድ፣ ይግዛ፣ ማን ምን እንደሚበላና እንደማይበላ ይጠይቅ። ሽንኩርት ረስቶ ቢመጣ አትቆጡ፤ ያለ ሽንኩርት ብሉ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ጎድሎብን ብንበላ ነው ሌላ ቀን የሚበቃውን ማቡካት የሚችለው። እናንተ ተማሪዎችም "ትምህርት ቤቱ ምረጡ ብሏል" ብላችሁ በእናታችሁ ወጥ ላይ አፍንጫችሁን እንዳትነፉ። ምርጫ ማለት አልፈልግም ማለት ብቻ አይደለም።

ያ አንደኛ የሚወጣው ልጅ በመጨረሻ ምን አደረገ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሽንኩርቱ ተገኝቶ፣ የማብሰያው ተከፍሎ፣ ሥጋው በምጣዱ ላይ ሲንጫጫ የከሰሏ ሴት የሻጣውን ዕቃ አንሥታ ወደ እሱ አየች። "ሻጣስ ይጨመር?" አለችው። ልጁ እንደልማዱ ዞሮ እኛን አየን። ሁላችንም ዝም አልን፤ አንዱ መምህራችንማ ወደ ግመሎቹ ዞረ። ልጁ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ከእኛ ፊቱን መልሶ ወደ አምስቱ ጓደኞቹ ዞረና "ቃጠሎ የማይችል ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ሁለት እጆች ወጡ። "ለብቻ በሳህን አድርጊልን፤ የሚፈልግ ይጨምራል" አላት።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።